በር ላይ የቀረው መምህር

መጻሕፍቱ የመጡ ዕለት ከመኪና ያወረዷቸው ተማሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ሩፋይዳ አንዱን ካርቶን ከጓደኛዋ ከብሩኪ ጋር ተሸክማ ደረጃውን ስትወጣ፣ ካርቶኑ በአንድ ጎኑ ተቀዶ ስለነበር የአዲስ ወረቀት ሽታ ፊቷን ይመታት ነበር። የቻይንኛ መማሪያ መጻሕፍት፣ መዝገበ ቃላት፣ የጆሮ ማዳመጫ፤ ሁሉም አንድ የቻይንኛ ቋንቋ ማዕከል ጉለሌ ላለው ለእነሱ ትምህርት ቤት የላከው ነው። እስከዚያ ድረስ የሚማሩት በፎቶኮፒ ነበር። ፎቶኮፒውም የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ ስለሆነ መስመሩ እየተቆራረጠ፣ "ሰው" የሚለው ፊደልና "ስምንት" የሚለው አንድ መስለው ይመጡባቸዋል። ያን ዕለት ሁለቱ ልጆች ካርቶኑን ሲያወርዱ፣ ከእንግዲህ ሰውን ከስምንት እንለያለን ብለው ተሳሳቁ።

ካርቶኖቹ የገቡት ክፍል ውስጥ ሳይሆን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ነው። ርዕሰ መምህሩ አቶ ማቲያስ ባለመስታወት ቁም ሳጥን አሠሩ፤ መጻሕፍቱን ደርድረው ቆለፉባቸው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ቁም ሳጥኑ እየመሩ ያስጎበኛሉ። ለምን አይሰጡም ሲባሉ፣ ልጆች ያበላሿቸዋል ነው መልሳቸው። ተማሪዎቹ በዚያው በተቆራረጠው ወረቀታቸው ቀጠሉ።

የሚያስተምራቸው መምህር ሙሉቀን የሚባል፣ ቀጠን ያለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ወጣት ነበር። ቻይንኛን መጀመሪያ የለመደው ከቻይናዎች ጋር መንገድ ሥራ ላይ ነው፤ ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ተማረው። እዚያ ትምህርት ቤት ቻይንኛ የሚባል ነገር ያስጀመረውም እሱ ነው፤ ክፍል ለክፍል እየዞረ፣ ማን መማር ይፈልጋል ብሎ ጠይቆ፣ የሳቁበትንም ያልሳቁበትንም ሰብስቦ። ሩፋይዳ ከሳቁበት አንዷ ነበረች። አባቷ ኑሪ ሽሮሜዳ የጨርቅ ሱቅ አለው፤ ከሚሸጠው የሚበዛው ላይ የቻይና ጽሑፍ ተለጥፎበታል። ምን እንደሚል ላንብብ ብላ ነው የተመዘገበችው። ብሩኪ ደግሞ የሸማኔ ልጅ ነው። አባቱ ቀኑን ሙሉ እጅና እግሩን አስተባብሮ የሚያወጣውን ጥለት፣ በማሽን ታትሞ ከቻይና እየመጣ በርካሽ ሲሸጥ እያየ ያደገ ልጅ። በገዛ ቋንቋቸው ልሰድባቸው ብሎ ጀመረ፤ ከዚያ ቋንቋውን ወደደውና ስድቡን ረሳው።

ሙሉቀን የመጻሕፍቱን ነገር በመምህራን ስብሰባ ላይ አነሳ። በመጀመሪያው ሰሚ አጣ። በሌላ ስብሰባ ደግሞ አነሳው፤ መጻሕፍቱ የተላኩት ለተማሪ ነው፣ መስታወት አያነብም አለ። ይህችን ቃል መምህራኑ ተቀባበሏት፤ ሳቁባትም። አቶ ማቲያስ ግን አልሳቁም። የሙሉቀን የኮንትራት ዘመን ሲያልቅ በጀት የለም ተባለና አልታደሰለትም። የቻይንኛው ክፍል "ለጊዜው" ተዘጋ።

የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የቻይንኛ ውድድር ደርሶ ነበር። ሩፋይዳ ቤት ገብታ ለአባቷ አለቀሰች። ኑሪ ብዙ የሚያወራ ሰው አይደለም። በማግስቱ ከሱቁ ኋላ ያለችውን ጓዳ አስጠርጎ፣ የጨርቅ ጣቃዎቹን በግድግዳው ዙሪያ ደረደራቸው፤ መምህራችሁ ፈቃደኛ ከሆነ እዚህ ያስተምራችሁ አላት። ሙሉቀን መጣ። ልጆቹ ጣቃ ላይ ተቀምጠው፣ ከጭንቅላታቸው በላይ ነጠላ ተንጠልጥሎ፣ ከውጭ የገበያው ጫጫታ እየገባ ተማሩ። ነጠላ ሊገዛ የገባ ሰው ከጓዳው የሚወጣውን ከፍ ዝቅ የሚል ድምፅ ሰምቶ ምንድነው ሲል፣ ኑሪ፣ "ቻይንኛ ነው፣ አይዞህ፣ በሽታ አይደለም" ይል ነበር። ሙሉቀን ለዚህ ሁሉ ምንም አልተቀበለም። ኑሪ ሊሰጠው ሲል፣ ልጆቹ ሲያሸንፉ ይከፍሉኛል አለ።

ልጆቹም አሸነፉ። በቡድን አንደኛ ወጡ፤ በንግግር ደግሞ ሩፋይዳ ከከተማው ሁሉ አንደኛ ሆነች።

ዜናው በተሰማ በሳምንቱ ትምህርት ቤቱ ታላቅ የዕውቅና በዓል ሊያዘጋጅ ተነሳ። አዳራሹ ቀለም ተቀባ። ለጊዜው የተዘጋውን ክፍል ግን የሚከፍተው አልተገኘም። አቶ ማቲያስ ሩፋይዳን ቢሮ አስጠርተው በአማርኛ የተጻፈ ንግግር ሰጧት። ወደ ቻይንኛ መልሰሽ በቃልሽ ያዥው፤ እንግዶቹ ሲናገሩም አስተርጓሚያችን አንቺው ነሽ አሏት። ንግግሩን እዚያው ቆማ አነበበችው። የአቶ ማቲያስ ስም ከአንቀጽ አንቀጽ ይመላለሳል፤ ራዕያቸው፣ ትጋታቸው፣ አባታዊ ክትትላቸው። የሙሉቀን ስም የለም።

"መምህራችንስ?" አለች።

"የቱ መምህር?"

የሚቀልዱ መስሏት ፊታቸውን አየችው። አልቀለዱም።

"መምህር ሙሉቀን።"

"እሱ አሁን የዚህ ቤት ሠራተኛ አይደለም። ውጤቱ የትምህርት ቤቱ ነው፤ የአንድ ሰው አይደለም" አሏት። ይህን ሲሉ ከኋላቸው ግድግዳው ላይ የተደገፈው ባነር ላይ የታተመው የራሳቸው ፎቶ ከሩፋይዳ ቁመት ይበልጥ ነበር።

ወረቀቱን ይዛ ወጣች። ለብሩኪና ለሌሎቹ ስትነግራቸው ተንጫጩ፤ ኋላ ግን ተማክረው ሙሉቀንን ራሳቸው ሊጠሩት ተስማሙ። እሱ መጀመሪያ እምቢ አለ። ያልጠራኝ ቤት አልሄድም አለ። እኛ ጠርተንዎታል ሲሉት፣ እሺ፣ ከኋላ ተቀምጬ አያችኋለሁ አላቸው።

በዓሉ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ገና አልለቀቀም። ሩፋይዳና ብሩኪ አበባ ይዘው እንግዳ እንዲቀበሉ በሩ ላይ ቆመዋል። ወላጆች ይገባሉ። ኑሪ ሱቁን ዘግቶ፣ ለበዓል የሚለብሳትን ኮት ደርቦ መጣ። ታየች የምትባለው የብሩኪ እናት ባሏ የሸመናትን አዲስ ነጠላ አጣፍታ ገባች። ከዚያ ሙሉቀን ሲመጣ አዩት፤ ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ጫማው ተወልውሏል።

ጥበቃው ጋሽ ሸፊ መንገዱ ላይ ቆሙበት። ይህን መምህር ጠዋት ጠዋት ሰላም ሲሉት የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ግን የሚያዩት መሬት መሬት ነው።

"መግባት አይቻልም" አሉ።

"ወላጅ ሁሉ እየገባ አይደል ጋሽ ሸፊ?" አለች ሩፋይዳ።

"ወላጅ ይገባል። እሱን ግን አቶ ማቲያስ በስም ጠርተው ነው የከለከሉኝ። እኔ ምን ላድርግ ልጄ? የእንጀራ ነገር ነው።"

ሙሉቀን አልተከራከረም። በዚያው ቅጽበት የእንግዶቹ መኪና ስለደረሰ፣ እንዲያልፍ ብሎ ራሱ ወደ ግድግዳው ጥግ ተጠጋለት። ከዚያ ለልጆቹ፣ እናንተ ግቡ፣ እንግዶቹ እየጠበቁ ነው አላቸው። ሩፋይዳን ያበገናት ይህ ትሕትናው ነበር። ቢጮህ፣ ቢሳደብ፣ ለአንድ አፍታ እንኳ ፊቱ ቢቆጣ ደሟ ያን ያህል ባልፈላ። አበባውን ለብሩኪ አስይዛ ወደ አዳራሹ ሮጠች። አቶ ማቲያስ ደረጃው ላይ ቆመው ክራቫታቸውን ያስተካክላሉ። መምህራችን በር ላይ ተከልክሎ ቆሟል፣ እባክዎ ያስገቡት ስትል ለመነቻቸው።

"ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር አታምጪብኝ" አሏት ዝቅ ባለ ድምፅ። "ፊትሽን አስተካክይ። ካሜራ አለ፤ ፈገግ በይ።"

አዳራሹ ሞልቷል። ከፊት ወንበር ላይ ከክፍለ ከተማው የመጡ ኃላፊዎች ተቀምጠዋል፤ መሐላቸው የቋንቋ ማዕከሉ ኃላፊ ወይዘሮ ሊን፣ ጸጉራቸው አጭርና ሽበት የጣለበት ቻይናዊት። ያ ባለመስታወት ቁም ሳጥን ከነመጻሕፍቱ ከቢሮ ወጥቶ መድረኩ ጎን ተገትሯል፤ ቁልፉ ተቆልፎበት፣ ቀይ ሪባን ታስሮበት። አቶ ማቲያስ ረጅም ንግግር አደረጉ። ተማሪዎቹ በየተራ እየወጡ ሰርተፍኬት ተቀበሉ፤ ከእያንዳንዳቸው ጋር አቶ ማቲያስ ፎቶ ተነሱ። መጨረሻ ላይ ሩፋይዳ ተጠራች።

ማይክሮፎኑን ስትይዝ የተሰጣት ንግግር በቃሏ ነበረ። ከላይ እስከ ታች ታውቀዋለች፤ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ዓይኗ ሪባኑ ላይ አረፈ። በቻይንኛ እንዲህ አለች፤

"ክቡራን እንግዶች፣ እንድናገር የተሰጠኝ ሌላ ንግግር ነው፤ አልናገረውም። የላካችሁልን መጻሕፍት እዚያ መስታወት ውስጥ ያሉት ናቸው። ከመኪና ካወረድናቸው ወዲህ ነክተናቸው አናውቅም። ያስተማረን መምህር ሙሉቀን ይባላል። መጻሕፍቱ ለተማሪ ይሰጡ ስላለ ከሥራው ወጣ። ከወጣ በኋላም በአባቴ ሱቅ ጓዳ ጨርቅ ላይ አስቀምጦ አስተማረን። ዛሬ እንዳይገባ ተከልክሎ በር ላይ ቆሟል። የምናመሰግነው መምህራችንን ነው።"

አቶ ማቲያስ ከቻይንኛ የሚያውቁት አንድ ቃል ቢኖር "ላውሺ" የሚለውን ነው፤ መምህር ማለት ነው። ሩፋይዳ ያቺን ቃል ባለች ቁጥር እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ይሉ ነበር። ስትጨርስ ቀድመው ያጨበጨቡት እሳቸው ናቸው። አዳራሹ ተከተላቸው። ኑሪም ፊቱ በርቶ አጨበጨበ። ያላጨበጨቡት ወይዘሮ ሊንና፣ አንገታቸውን ደፍተው የተቀመጡት የቻይንኛ ተማሪዎቹ ብቻ ነበሩ።

ወይዘሮ ሊን ከወንበራቸው ተነስተው በቻይንኛ አጭር ነገር ጠየቁ።

"ምን አሉ?" አሉ አቶ ማቲያስ፣ ፈገግታቸው ሳይጠፋ። "ተርጉሚልን እንጂ።"

ሩፋይዳ ወደ አባቷ አየች። በቻይንኛ መናገሩ እንዲህ አልከበዳትም። ቃሎቹ በትምህርት የመጡ ስለሆኑ፣ ስትናገራቸው ሌላ ሰው የሚናገር ያህል ነበር። አማርኛው ግን የቤቷ ነው። በአማርኛ የተናገረችውን አባቷ ይሰማል፤ የሰፈሩ ሰው ይሰማል፤ ነገ ጠዋት ሽሮሜዳ ገበያው ውስጥ እየተቀባበሉ ይሉታል።

"መምህሩ የቆመው የትኛው በር ላይ ነው፣ ነው ያሉት" አለች።

"የቱ መምህር?"

"መምህር ሙሉቀን። እርስዎ እንዳይገባ ያስከለከሉት።"

ከዚያ የቀረውን ሁሉ በአማርኛ ደገመችው። አንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ጀመረችው፤ መጻሕፍቱ ላይ ስትደርስ አለቀሰች፤ ማልቀሷ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። አቶ ማቲያስ ማይኩን አጥፉት አሉ። ድምፅ ማጉያውን የያዙት የሚኒ ሚዲያ ተማሪዎች ማጥፊያው የጠፋባቸው መሰሉ። ከክፍለ ከተማው የመጡት ኃላፊዎች እርስ በርስ ተያዩና ስልካቸውን ማየት ጀመሩ። ከመሐል የብሩኪ እናት ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች፤ አንድ ቃል ሳትናገር ወደ በሩ መራመድ ጀመረች። ጥቂት ወላጆች ተከተሏት። የሚበዙት ግን ተቀምጠው ቀሩ። ልጃቸው እዚያ ትምህርት ቤት የሚማር ሰው፣ የሚነሳው አስቦ ነው።

ወይዘሮ ሊን ወደ ግቢው በር ሄዱ። ሩፋይዳም ተከትላ ወጣች። ሙሉቀን አልነበረም። ጋሽ ሸፊ ወደ ቁስቋም የሚወጣውን መንገድ አሳዩ፤ ጭብጨባው ሲሰማ ጊዜ ሄደ አሉ። ወይዘሮ ሊን ዳገቱን ትንሽ አዩት። ሩፋይዳ ከሳቸው ብዙ ጠብቃ ነበር፤ ይቆጣሉ፣ ይጠይቃሉ፣ አንድ ነገር ያደርጋሉ ብላ። እሳቸው ግን ትከሻዋን ነካ አድርገው፣ ያልሽውን ሰምቻለሁ አሏትና መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ቆማ ቀረች። የባዕድ ሰው መጥቶ ቤታችንን ያስተካክልልናል ብላ መጠበቋ ራሱ አናደዳት።

እሁድ ማታ እራት ላይ ኑሪ፣ እውነት መናገርሽ ጥሩ ነው፣ ግን እኛ ነጋዴዎች ነን፤ ከቢሮ ሰው ጋር አንጋጭም፤ ይቅርታ ጠይቂና ይብቃ አላት።

ሰኞ አባትና ልጅ ቢሮ ተጠሩ። አቶ ማቲያስ ለኑሪ ወንበር አልሰጡትም። ልጅቷ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ተማሪው ፊት ወጥታ ይቅርታ ትጠይቃለች፤ ካልሆነ ክፍል አትገባም አሉ። ኑሪ ራሱን ነቀነቀ፤ እሺ ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። አቶ ማቲያስ ግን እዚያ አላቆሙም።

"እርስዎም ቢሆኑ አቶ ኑሪ፣ ያለ ፈቃድ ሱቅዎ ውስጥ ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር። ይህ የሚያስጠይቅ ነገር ነው። ዝም ያልኩት አስቤልዎ ነው።"

ሩፋይዳ የአባቷ ፊት ሲለወጥ አየች። እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም።

"ፈቃድ?" አለ ኑሪ። "እርስዎ ፈቃዱም፣ ክፍሉም፣ ወንበሩም፣ መጽሐፉም ነበረዎት። ልጆቹን ግን ያስተማራቸው የእኔ ጓዳ ነው። ይጠይቁኝ፤ ደስ እያለኝ እጠየቃለሁ። የሰው ወርቅ አያደምቅም፣ አቶ ማቲያስ። ልጄ ይቅርታ አትጠይቅም።"

እጇን ይዟት ወጣ። ደረጃው ላይ ሲደርሱ የብረቱን መደገፊያ ያዘ። ምን አደረግኩ አለ ለራሱ፤ ቢሆንም አልተመለሰም።

ሩፋይዳ ታገደች። በማግስቱ ብሩኪ የጓደኞቹን ሰርተፍኬት ሰብስቦ፣ የራሱንም ጨምሮ፣ አቶ ማቲያስ ጠረጴዛ ላይ አኖረው። ሁሉም አልሰጡትም፤ አንዳንዶቹ ቤተሰብ ከለከላቸው፤ እሱም አልተቀየማቸውም። ከዚያ የቋንቋ ማዕከሉ መጻሕፍቱ በተማሪ እጅ መሆናቸውን ራሱ መጥቶ እንደሚያይ አስታወቀ። ቁም ሳጥኑ ተከፈተ። ክፍሉም ተከፈተ፤ ሌላ መምህር ተቀጠረለት። አቶ ማቲያስ በስብሰባ ላይ ድሮም ዕቅዴ ይኸው ነበር አሉ፤ ተጨበጨበላቸው። ሩፋይዳ ፈተና ሲቃረብ ወደ ክፍሏ እንድትመለስ ተነገራት። ይቅርታ አልጠየቀችም። እሷንም ይቅርታ የጠየቃት የለም። ሙሉቀንን ደግሞ ተመለስ ያለው የለም። ከከተማ ውጭ ካለ ፋብሪካ በአስተርጓሚነት ተቀጠረ። ለብዙ ሳምንት ስልክ ቢደውሉለት አያነሳም ነበር።

አንድ እሁድ ከሰዓት ሱቁ ደጃፍ ላይ ብቅ አለ። ከስቷል። ኑሪ ከጣቃዎቹ አንዱን አውርዶ አስቀመጠው። ሩፋይዳ፣ ጥፋቴ ነው ብሎ ይሆናል የሸሸን ስትል ከርማለች።

"ለእኔ ብለሽ ከሆነ፣ ባታደርጊው ይሻል ነበር" አላት። "አሁን የትም ትምህርት ቤት ስሄድ፣ ተማሪዎችን ያሳመፀው ያ መምህር ይሉኛል።"

"ለእርስዎ ብቻ አይደለም ቲቸር" አለች። ዓይኗ ዕንባ አቀረረ፤ ግን አልፈሰሰም። "ለእኔም ነው። ፈገግ በይ አሉኝ እኮ።"

ሙሉቀን ስልኩን አወጣ። ብሩኪ የቀረጸውን ንግግር ልኮለት ኖሯል። ከፍቶ አዳመጠው፤ እሷም እያፈረች አብራው ሰማች። በአንድ ቦታ አቆመው።

"እዚህ ጋ 'በር' ስትይ ድምፁን ጥለሽዋል። ሽቅብ መነሳት አለበት እንጂ መውደቅ የለበትም። ስትናደጂ ሁሉንም ትጥያለሽ።"

"አውቃለሁ።"

"በይ ድገሚው።"

ሩፋይዳ አፏን አሟሸችና ደገመችው። አሁንም ወደቀ።